እንግዳ ደራሽ

በአገራችን ገጠር ፀሐይ ስትጠልቅ መንገድ ላይ የቀረ ሰው የሚለው ነገር አለው። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ውሻው ጮሆ ካበቃ በኋላ፣ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ የሚመጣው መልስም የታወቀ ነው፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ።» ስሙ የሚጠየቀው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። አገሩ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። የመጣበትን ጉዳይ ራሱ ካላነሳው ማንም አያነሳበትም። ይህን ሥርዓት ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ላስታ ውስጥ ባደግሁበት ቤት፣ በአያቴ ደጅ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ቋንቋችን ግን ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። «እንግዳ» የሚለው ቃል የሚጠራው ወንበር የሚለቀቅለትን ሰው ብቻ አይደለም። ያልተለመደና ምን ይዞ እንደመጣ የማይታወቅ ሁሉ «እንግዳ ነገር» ነው። ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ቆላው ገና በፀሐይ እየነደደ ሳለ፣ ወንዙን ድንገት ሞልቶ ከብቱንም እረኛውንም ጠርጎ የሚሄደውን ጎርፍ ደግሞ «እንግዳ ደራሽ» እንለዋለን። አባቶቻችን ለሚስተናገደው ሰውና ለሚገድለው ውኃ አንድ ቃል ማካፈላቸው ስም ቸግሯቸው አይመስለኝም። በር ከፍቶ የሚኖር ሕዝብ በሩ ምን ሊያስገባ እንደሚችል ያውቅ ነበር።

ይህን ያሰብሁት በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ነው።

ላሊበላን ያየ ሰው ከተማዋ በምን እንደምትኖር ለመረዳት ሁለት ቀን አይፈጅበትም። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሏት። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. የጎበኛት ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ከጻፈ በኋላ አንባቢ ውሸታም እንዳይለው ፈርቶ በእግዚአብሔር ስም እንደማለ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዷ ነች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የፈረንጅ እንግዳ ይመጣል፤ ለገና ደግሞ ከየአውራጃው በእግሩ የሚገሰግሰው ምእመን ይመጣል። የውጭው እንግዳ አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት ብቻ በዚያን ጊዜ 50 ዶላር ይከፍል ነበር።

ነገር ግን የከተማዋ ኑሮ በሆሳዕና በጥምቀት ከሚቆጠረው ገንዘብ በታች፣ በጣም በታች፣ ባሉ ሰዎች እጅ ላይ ነው ያለው። አንድ እንግዳ ከአውሮፕላን ሲወርድ ሾፌሩ ይበላል፤ አስጎብኚው ይበላል፤ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ትበላለች። በየቤተ መቅደሱ ደጅ የእንግዳውን ጫማ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ እርሱም ይበላል። ወደ አሸተን ማርያም ሽቅብ የምትወጣው በቅሎ ባለቤት አላት። የበቅሎዋ ባለቤት ገብስ የሚገዛው ከገበሬ ነው። ገበሬው እንቁላሉን የሚሸጠው ለሆቴሉ ነው። የላስታ መሬት ስስ ነው፤ ድንጋይ ይበዛዋል። በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ከተመቱት የወሎ አውራጃዎች አንዱ እርሱ ነበር። እንግዳ ለዚያ አገር ጌጥ አይደለም፤ ሁለተኛ ዝናም ነው ቢባል ይቀላል።

አክስቴ እዚያ ይኖራሉ። ከቤታቸው ጓሮ አራት ክፍል ሠርተው፣ ትልልቆቹን ሆቴሎች የማይችል ተሳላሚና አንዳንድ ሻንጣውን በጀርባው የተሸከመ ወጣት ፈረንጅ ያሳድሩባቸዋል። ታናሽ ልጃቸው አስጎብኚ ነው። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ይልቅ ከእንግዳ እግር ሥር ነው የለቀመው። ከዚህ በኋላ የምናገረው አብዛኛው ከእርሱና ከእናቱ በስልክ የሰማሁት ነው፤ እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን ከቡርኪና ፋሶ የገባ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዜናው ሲነገር ሐኪሙ የሰማው «ከቡርኪና ፋሶ» የሚለውን ነው፤ የመንገዱን ሰው የሰማው «ጃፓናዊ» የሚለውን ነው። በሽታው መልክ አገኘ፤ መልኩም የእኛ አልነበረም። መጋቢት 9 ቀን የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን አስጠነቀቀ፤ የውጭ ሰዎች እየተሰደቡ፣ ምራቅ እየተተፋባቸው፣ ድንጋይ እየተወረወረባቸው፣ ታክሲ እየተከለከሉ መሆኑ ደርሶኛል አለ።

የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ በላሊበላ መጀመሪያ የተለወጠው የሕፃናቱ ድምፅ ነው። እዚያ ከተማ ፈረንጅ በታየ ቁጥር ከየጥጋጥጉ ብቅ ብለው ስሙን፣ አገሩን፣ እስክሪብቶ መያዙን የሚጠይቁ ልጆች አሉ፤ ያስቸግራሉ፣ እንግዳው ግን ሲመለስ ፎቶግራፋቸውን ለዘመዱ ያሳያል። በዚያ ሳምንት እነዚያው ልጆች ከሩቅ «ኮሮና! ኮሮና!» እያሉ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመሩ። እየሳቁ ነው የሚሸሹት። «ጋሼ» አለኝ፣ «ሳቃቸው ነው የከበደኝ።»

ድንጋይ የወረወረውን ለመከላከል አልጽፍም። ለእርሱ የሚሆን ጠበቃ የለኝም። ነገር ግን በዚያን ሰሞን በከተማ ያለን ጽሑፍ ወዳጆች የገጠሩን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልለን «እንግዳ ተቀባይነታችን የት ሄደ?» እያልን ስናለቅስ ነበር። ልቅሶው ቀላል ነው፤ እኛ የምናሳድረው ሰው አልነበረንምና። ድንጋይ መወርወርና በር ላይ ቆሞ ማሰብ አንድ ነገር አይደሉም። ሐኪም ቤቱ ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው የሚያውቅ፣ ምርመራው ናሙና ተጭኖ ሩቅ የሚላክበት፣ ሽማግሌና ሕፃን በአንድ ጎጆ የሚተኛበት አገር ሰው ሊፈራ ይገባዋል። የማይፈራ ቢሆን ነበር የሚያስገርመኝ።

በር ላይ ቆሞ ስለማሰብ ያየሁት፣ ማለትም የሰማሁት፣ ይህ ነው።

በዚያው ሳምንት ሁለት የዕድሜ ባለጸጋ እንግዶች፣ ባልና ሚስት፣ ከያዙት ማረፊያ ተነሡ። ባለቤቱ ውኃ ተቋርጧል አላቸው። ውኃው አልተቋረጠም ነበር። የአክስቴ ልጅ ሁለቱን አስከትሎ ከደጅ ደጅ ዞረ። አምስት ቦታ ጠየቀ። አንዱ ሞልቷል አለ፤ አንዱ ቀለም እየቀባሁ ነው አለ፤ አንዲቱ ሴት እውነቱን ነገረችው፣ «ልጆች አሉኝ» አለችው። እርሷን እስከ ዛሬ ያመሰግናታል። ሲመሽ የቀረው የእናቱ ደጅ ብቻ ሆነ።

«እናቴ አጥሩ ላይ መጥታ ዝም አለች» አለኝ። «ከተወለድሁ ጀምሮ እንግዳ ቆሞ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም።»

ዝምታው ረዘመ። ሽማግሌው ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አክስቴ ልጃቸውን ጠየቁት፤ «ካገራቸው ከወጡ ስንት ቀናቸው ነው?»

ልጁ ተርጉሞ ጠየቀ። «አሥራ ስምንት» አሉ።

አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሬዲዮ ግን ይሰማሉ። አሥራ አራት ቀን የሚባለውን ነገር ይዘውታል። በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። አንድ ጊዜ ቆጥረው እንደገና ቆጠሩ። «እንግዲያውስ አልፏቸዋል፤ ይግቡ» አሉ።

ለሐኪም ይህ ሒሳብ ቀዳዳ አለበት። እንግዶቹ በሽታውን ከአገራቸው ባይዙት ከመንገድ ሊይዙት ይችሉ ነበር። ያንን አውቃለሁ። በዚያ ወር ግን እኛም በዋና ከተማው ከዚህ የተሻለ ሒሳብ አልነበረንም፤ መንግሥት ራሱ ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ከውጭ የሚገባውን ሁሉ 14 ቀን ሆቴል ውስጥ በገዛ ወጪው አስቀምጦ ነው የሚቆጥረው። አክስቴ ከአዋጁ በፊት አውጀው ነበር ማለት ነው።

እንግዶቹ ዳር ያለችው ክፍል ተሰጠቻቸው። ምግባቸው ደጃቸው ላይ ባለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ፣ አክስቴ ዞር ካሉ በኋላ ከሩቅ ይጠሯቸዋል። ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ አክስቴ የእናታቸውን እጅ አይተው ነው ያደጉት። የታመመ ዘመድ ከቤተሰቡ ተለይቶ ዳስ ይሠራለት ነበር፤ እንጀራው ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ከማዶ ሆነው «ውሰድ!» ይሉት ነበር። ማንም ያን ጊዜ ጭካኔ አላለውም። የተተወ ሰው ምግብ አይመጣለትምና።

ባልና ሚስቱ በአራተኛው ቀን ሄዱ። አክስቴ አንሶላውን ቀቀሉ፤ ክፍሉን በወይራ አጠኑ። በማግሥቱ እንደ ልማዳቸው ቡና ቆሉ። በዚያ ሰፈር ቡና ሲቆላ መጥራት አያስፈልግም፤ ጭሱ ነው የሚጠራው። ማንም አልመጣም። ሁለተኛው ጀበና ተጣደ፤ ማንም አልመጣም። ሦስት ልጆቻቸውን ያዋለደቻቸው ጎረቤታቸው እንኳ አጥሩ ላይ ቆማ፣ ጤናቸውን ጠይቃ፣ ተመለሰች። ለሁለት ሳምንት ያህል አክስቴ ብቻቸውን ቡና ጠጡ። ሲነግሩኝ ጎረቤታቸውን አልወቀሱም። «እርሷም ትቁጠር እንጂ» አሉኝ። «እኔም ቆጥሬ አይደል?»

የፋሲካ በዓል በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። እኔ በየዓመቱ ለፋሲካ እሄዳለሁ። በመጋቢት መጨረሻ ስልክ ደወሉ። አክስቴ ስልክ ሲደውሉ ከሰላምታው የሚጀምሩት ረጅም ነው፤ የላሙን፣ የዝናሙን፣ የቄሱን ጤና ሳያነሡ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ያን ቀን ግን በቀጥታ፣ «የኔ ጌታ፣ ለፋሲካ እንዳትመጣ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ደህና ነኝ እኮ። አልታመምሁም።»

«አውቃለሁ። አትምጣ።»

«እነዚያን ፈረንጆች አስገብተዋቸው የለም እንዴ?»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እነርሱ ተቆጠረላቸው። አንተን ምን ብዬ ልቁጠርህ? ከበሽታው ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ነህ፤ በየቀኑ አንድ ብዬ እንደ አዲስ ልጀምር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እትብቴ የተቀበረበት አገር፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ሰው አልፎበት፣ እኔ ያላለፍሁበት ደጅ ሆነ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ለብዙ ቀን ቅር አለኝ። ሒሳቡን ግን ላፈርሰው አልቻልሁም። የአማራ ክልል መጋቢት 22 ቀን ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀን ከእንቅስቃሴ አገደ። የመጀመሪያው ሞት መጋቢት 27 ቀን ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፋሲካን ከቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን አሳለፍሁ።

በዚያ ብቸኝነት ጊዜ በዓለም ላይ አክስቴን የሚመስሉ ሰዎችን ስፈልግ ነበር፤ ብዙ አገኘሁ። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ የአሸዋ ደሴቶች ላይ ያለ አንድ አውራጃ በመጋቢት ወር ድልድዮቹ ላይ ጠባቂ አቁሞ ጎብኚን መለሰ፤ ኋላም እዚያው ቤት ያላቸውን፣ ግን ነዋሪ ያልሆኑትን ጭምር ከለከለ። እነዚያም ቤታችን እንዴት ይዘጋብናል ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በሜይን ክፍለ ግዛት ባለች ቪናልሄቨን በምትባል ደሴት ደግሞ ሰዎች ዛፍ ቆርጠው ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጡ ሰዎች ያሉበትን ቤት መውጫ ዘጉ። የእኔ አክስት ቢያንስ ስልክ ደውለዋል። ቡታን የካቲት 27 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሕመምተኛዋን ስታስታውቅ የ76 ዓመት አሜሪካዊ ጎብኚ ነበር፤ አገሪቱ በሯን ለጎብኚ ዘግታ እስከ መስከረም 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ አልከፈተችም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረችው ግን ያልዘጋችው መንደር ነች። ኢሽግል ትባላለች፤ በኦስትሪያ ተራሮች መካከል ያለች፣ 1,600 ያህል ነዋሪ ያላት፣ በበረዶ ሸርተቴ እንግዳ የምትኖር። እርሷም እንደ ላሊበላ ተራራዋን ነው የምትበላው። አይስላንድ ከዚያ የተመለሱ ዜጎቿ መታመማቸውን አይታ የካቲት 26 ቀን መንደሪቱን የሥጋት ቦታ ብላ መዘገበች። ሆኖም ወቅቱ የገበያ ወቅት ነበር፤ መጠጥ ቤቱም፣ ወደ ተራራው የሚያወጣው መጎተቻም ቀኖች ቆጠረ። ሸለቆው የተዘጋው መጋቢት 4 ቀን ነው፤ የእኛ የመጀመሪያ ሕመምተኛ በተነገረበት በዚያው ዕለት። ዜናው እንደተሰማ እንግዶቹ በጥድፊያ ወጥተው ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ በሽታውም አብሯቸው ተበተነ። በሚያዝያ የኢንስብሩክ ተመራማሪዎች የመንደሩን ሰው ደም ሲመረምሩ ከመቶ 42ቱ ተይዘው እንደነበር አገኙ። ኋላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ባለሥልጣናቱ መዘግየታቸውንና መሳሳታቸውን ጻፈ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም ብዬ አስባለሁ። አንድ ሳምንት ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ከመቶ ዓመት በፊትም እንዲሁ ነው። እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ጥሎ ያተረፋቸው ወረርሽኝ፣ በዚያው ሰሞን ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ሁለት ጎረቤት ደሴቶች ደጃፍ ደርሶ ነበር። በአሜሪካ ሥር ያለው የሳሞአ ክፍል መርከቦችን አገደ፤ አንድም ሰው አልሞተበትም። በኒውዚላንድ ሥር የነበረው ምዕራብ ሳሞአ ጥቅምት 28 ቀን ታሉን የምትባል መርከብ አስጠጋ፤ ከአምስት ነዋሪ አንድ ያህሉ ሞተ። አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ፣ መካከላቸው ጥቂት ባሕር። እኛ ከዚያ ዘመን የቀረልን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ነው። አክስቴ ክፍሉን በወይራ ሲያጥኑ ምን እያደረጉ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

እስከዚህ ድረስ ለአክስቴ ፈርጄ ጽፌያለሁ። ልጃቸው ግን ይህን ቢያነብ ይቆጣል፤ የሚቆጣበትም ምክንያት አለው።

ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኋላ የአስጎብኚው ገቢ አልቀነሰም፤ ቆመ። ደመወዝ የለው፣ ጡረታ የለው። መጀመሪያ ያጠራቀማትን በላ። ከዚያ ለእንግዳ ማሳያ የገዛውን የወፍ ማያ መነጽር ሸጠ። ከዚያ ወደ አባቱ ማሳ ወርዶ ከማያውቀው በሬ ጋር ታገለ፤ እጁ ተላጠ። ጫማ ጠባቂው ሽማግሌ ደጅ ላይ መቀመጡን አልተወም ነበር፤ የሚጠብቀው ጫማ ሳይኖር። በቅሎዎቹ ተሸጡ። «በሽታው እዚህ ሳይደርስ ነው የሞትነው» አለኝ አንድ ቀን። «እናቴ ትቆጥራለች፤ እኔም እቆጥራለሁ። እርሷ የምትቆጥረው አሥራ አራት ነው። የእኔ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ አለ?»

እናቱ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ነገረኝ። «የራበው ልጅ ይጠግባል፤ የሞተ አያት አይመለስም» ብለውታል። እርሱም «የራበው ልጅ ሁልጊዜ አይጠግብም» ብሎ መለሰ። በ1977 ዓ.ም. የሞቱትን ሁለት እህቶቻቸውን ማንሣቱ ነበር። አክስቴ ለሁለት ቀን አላናገሩትም።

እኔ ፍርዴን አልለወጥሁም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ማንም ምንም ባላወቀበት ጊዜ፣ የዘጋ ሰው ልክ ነበር እላለሁ። ነገር ግን መዝጋቱ የሚያስከፍለውን ማን እንደከፈለ አብሮ መጻፍ ይኖርበታል፤ አዋጅ ያወጣው፣ ጋዜጣ ላይ የጻፈው፣ እንደ እኔ ያለ ደመወዙ ያልተቋረጠ ሰው አልከፈለውም። በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው የኮሮና ሞት ከ7,500 በላይ ነው። በባዶ ደጃፍ የተቀመጡትን የቆጠረ ግን አላየሁም።

ለገና በ2013 ዓ.ም. ሄድሁ። የፈረንጁ እንግዳ በጣት የሚቆጠር ነበር። ምእመኑ ግን መጥቷል፤ እንደ ወትሮው አገሩን ሞልቶ፣ በእግሩ፣ በአይሱዙ፣ ሕፃን አዝሎ። ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ከላይ ከገደሉ አፋፍ ወደ ታች አየሁ፤ የጨርቅ ጭንብል ያደረገው ጥቂት ነው። የመጣውን ሕዝብ ማን ይመልሰዋል? በእግሩ አሥር ቀን የተጓዘን ሰው ደጅ ላይ ስንት ቀንህ ነው ብሎ መጠየቅስ ምን ማለት ነው? አክስቴ በዚያ ጊዜ መቁጠር ትተው ነበር። አራቱም ክፍሎች በተሳላሚ ሞልተው፣ በረንዳው ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቶ ነበር። እኔን ከሩቅ ቆመው እጅ ነሡኝ፤ ከዚያ ጥቂት አሰቡና መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ላሊበላ ገቡ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ስትወጣ ቆየች። ለወራት ስልክ አልነበረም፤ መብራት አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ውጊያ ተነሣ። በረራው ሲቋረጥና ሲቀጠል፣ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ በበሽታው ጊዜ የቀረው እንግዳ ሳይመለስ ዓመታት አለፉ። የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኙን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አነሣ። ዜናውን ለአክስቴ ስነግራቸው «ገና አላለቀም ነበር እንዴ?» አሉኝ። ልጃቸው አሁን ባጃጅ ይነዳል። መጽሐፎቹን አልሸጠም፤ የወፎቹን ስም በእንግሊዝኛ ለእህቱ ልጅ ያስተምራል።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በጂንካ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ አክስቴ ደወሉ። እንደ ዱሮው ከላሙና ከቄሱ ጀመሩ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ መጡ።

«ጂንካ የሚሉት አገር ሩቅ ነው?»

«በጣም ሩቅ ነው እትዬ። እርስዎ ጋ አይደርስም፤ አይሥጉ።»

«ለእኔ አይደለም። አገሩ በምን ይኖራል?»

ነገርኋቸው። ከብት አለ፣ እርሻ አለ፤ ግን ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርደው ፈረንጅ የሚያድርባት ከተማ ነች፣ ሆቴልም አስጎብኚም አላት አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከስልኩ ማዶ ቡና ሲወቀጥና የሴቶች ወሬ ይሰማኛል።

«እንግዳቸው መጥቶ ነበር በዚህ ወር?»

«ወቅቱ ነው፤ ሳይመጣ አይቀርም።»

«ውይ፣ ልጆቼን» አሉ አክስቴ። «ገና መጀመሩ ነበራ ለነርሱም።» ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው ነገሩን ከመጀመሪያው ያስረዷት ጀመር፤ ስልኩን ግን አልዘጉትም ነበርና እኔም ቆሜ ሰማሁ።